ግዙፍ ወፍ አየሁ የሚል ምስክርነት እንዴት ይመረመራል?

አንድ ሰው ትንፋሹ ሳይረጋ መጥቶ «ክንፉ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር የሚደርስ ወፍ በላዬ አለፈ» ቢለን፣ ከሁለት ነገሮች አንዱን ማድረግ ይቀናናል። ወይ ስቀን እናልፈዋለን፣ ወይም የሰማነውን እንዳለ ተቀብለን ጥቂት ጨምረንበት ለሌላ እናወራዋለን። ሁለቱም ተናጋሪውን ይበድላሉ። መሳቁ ያየውን እንዳላየ ያደርግበታል፤ ማጋነኑ ደግሞ ያላየውን እንዳየ ያስመስለዋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ከእነዚህ መካከል ባለው መንገድ ለመሄድ፣ ማለትም ምስክርነቱን በአክብሮት ተቀብለው በጥንቃቄ ለመመርመር ለሚፈልጉ ሰዎች ነው።

የግዙፍ ወፍ ወሬ በአንድ አገር የተወሰነ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ክንፉን ሲያራግብ ነጎድጓድ የሚያሰማው የነጎድጓድ ወፍ አለ፤ በአረብና በፋርስ ተረቶች ዝሆን አንሥቶ የሚበረው ሩክ ይነገራል፤ የኒውዚላንድ ማኦሪዎችም ሰው ስለሚበላው ፖዋካይ ይተርካሉ። በእነዚህ ጥንታዊ ትረካዎች ላይ ደግሞ በዘመናችን በዓይናቸው አየን የሚሉ ሰዎች ቃል ይታከላል። እንዲህ ያሉ ምስክርነቶችን ደጋግሞ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ አብዛኞቹ ምስክሮች በእርግጥ ወፍ አይተዋል፣ የተሳሳቱት በመጠኑ ላይ ነው። ስለዚህ የምርመራው ቀዳሚ ጥያቄ «ምን ዓይነት ወፍ ነበር?» ሳይሆን «ከእርስዎ ምን ያህል ይርቅ ነበር? ርቀቱንስ በምን አወቁ?» የሚለው መሆን አለበት።

ምስክሩን ማድመጥ

በመጀመሪያ ምስክሩ ታሪኩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ይናገር። እርስዎ ቃሉን እንዳለ ይጻፉ ወይም በፈቃዱ በድምፅ ይቅረጹ። ምስክሩ የተጠቀመበትን ቃል «በተሻለ» ቃል አይተኩ፤ «ጥቁር ነገር» ካለ «ጥቁር ወፍ» ብለው አይጻፉ። ይህን ያህል መጠንቀቅ የማያስፈልግ ለሚመስለው ሰው አንድ የታወቀ ሙከራ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው የኤልዛቤት ሎፍተስና የጆን ፓልመር ጥናት እንዳሳየው፣ የመኪና ግጭት ፊልም የተመለከቱ ሰዎች ስለ መኪኖቹ ፍጥነት የሰጡት ግምት በጥያቄው ውስጥ በገባው አንድ ግሥ ብቻ ተለውጧል። «ሲላተሙ» ተብለው የተጠየቁት «ሲነካኩ» ተብለው ከተጠየቁት ይልቅ ከፍ ያለ ፍጥነት ገምተዋል። ፊልሙ ግን አንድ ነበር። «ወፉ ምን ያህል ግዙፍ ነበር?» የሚለው ጥያቄም በውስጡ መልስ ይዟል። «ስለ መጠኑ ምን ሊሉኝ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቁ ይሻላል።

ትረካው ካለቀ በኋላ ምስክሩ ማንኛውንም ሥዕል ከማየቱ በፊት ያየውን በወረቀት ላይ እንዲስል ይጠይቁት። ሥዕል አልችልም ማለቱ አይቀርም፤ ችሎታው አይደለም የሚፈለገው። አንገቱ ወደ ፊት የተዘረጋ ነው ወይስ ወደ ትከሻው የተሰበሰበ? እግሮቹ ከጅራቱ አልፈው ይታዩ ነበር? የክንፉ ጫፍ ሹል ነው ወይስ እንደ ተከፈቱ ጣቶች የተለያየ? ጅራቱ አጭር ነው ረጅም? በአምስት መስመር የተሳለ ንድፍ እነዚህን ይመልሳል። የወፎችን መጽሐፍ ገልጠው «ይኼን ይመስላል?» ማለት ያለብዎት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ሥዕል ሳይሆን ብዙ ሥዕሎችን አንድ ላይ በማቅረብ።

የክንፉን አመታት ፍጥነት ለማወቅ በቃል ከመጠየቅ የሚበልጥ ዘዴ አለ። ምስክሩ ቆሞ፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ ወፉ ክንፉን ይመታ በነበረበት ፍጥነት እንዲያራግብ ይጠይቁትና በሰዓት ይለኩ። ሰው «በዝግታ ነበር» ብሎ የሚናገረውና በእጁ የሚያሳየው ሁልጊዜ አይገጥምም፤ በእጁ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ለእውነት ይቀርባል። ወፍ በገዘፈ ቁጥር የክንፉ አመታት እየዘገየ ስለሚሄድ፣ በሰከንድ አራትና አምስት ጊዜ ክንፉን የመታ ወፍ ስድስት ሜትር ክንፍ ሊኖረው አይችልም።

ትዝታ በጊዜ ብዛት እንዴት ራሱን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ከዚሁ ጉዳይ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1890 በአሪዞና ቶምስቶን ከተማ የሚታተም ጋዜጣ ሁለት ፈረሰኞች በበረሃ አንድ ክንፋም ጭራቅ ገደሉ የሚል ዘገባ አወጣ። ዘገባው ስለ ፎቶግራፍ አንድም ቃል አይናገርም። ሆኖም ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ በርካታ ሰዎች ወፉ ክንፉ ተዘርግቶ በጎተራ ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ፣ ሰዎች ከፊቱ ቆመው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በዓይናቸው እንዳዩ መናገር ጀመሩ። ፎቶግራፉ ተፈለገ፤ በጋዜጣውም በመጽሔቶችም አልተገኘም። እነዚህን ሰዎች ውሸታሞች ማለት አይገባም። ስለ ሥዕሉ ደጋግሞ መስማትና ማንበብ ሥዕሉን በአእምሮ ውስጥ ሊሥለው ይችላል። ስለዚህ ወፉ ከታየ ስንት ጊዜ እንዳለፈው፣ ምስክሩ ስንት ጊዜ ለሰው እንደተናገረው፣ በመካከሉም ስለ ጉዳዩ ያነበበው ወይም ያየው ነገር እንዳለ ይመዝግቡ።

ሰማይ ላይ ሜትር የለም

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው ከዚህ ነውና።

ዓይናችን በቀጥታ የሚያየው የአንድን ነገር ስፋት አይደለም፤ ያ ነገር በዕይታችን ውስጥ የሚይዘውን ማዕዘን ነው። ስፋቱን የምናውቀው ርቀቱን ካወቅን ብቻ ነው። መሬት ላይ ዛፉ፣ ቤቱ፣ አጥሩ፣ የቆመው ሰው ርቀቱን ሳናስበው ይነግሩናል። ባዶ ሰማይ ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። ሁለቱ ዓይኖቻችን ተባብረው ርቀት የሚለኩበት ችሎታም ለቅርብ ነገር እንጂ በመቶዎች ሜትር ለሚቆጠር ርቀት ብዙም አይረዳም። አእምሮ ግን «አላውቅም» ብሎ አይቆምም፤ አንድ ርቀት ይገምትና በዚያ ግምት ላይ ስፋቱን ያሰላል። ምስክሩ «አየሁ» የሚለው ስፋት እንግዲህ የስሌቱን ውጤት ነው፤ ስሌቱ ግን ሳይታወቀው የተከናወነ ስለሆነ እንዳየው ሆኖ ይሰማዋል።

ስሌቱን እኛ በግልጽ ልንሠራው እንችላለን። እጅን ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ዘርግቶ ሲታይ የትንሿ ጣት ስፋት አንድ ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ የአውራ ጣት ስፋት ደግሞ ሁለት ዲግሪ ገደማ። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ነገር በ57 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ዲግሪ ይይዛል። ስለዚህ ወፉ የያዘውን ዲግሪ በርቀቱ አባዝተን ለ57 ብናካፍለው የክንፉን ስፋት በሜትር እናገኛለን። የተዘረጋው ክንፍ በአውራ ጣት የሚሸፈን ነበር እንበል፣ ማለትም ሁለት ዲግሪ። ወፉ የነበረው በ70 ሜትር ርቀት ከሆነ ክንፉ 2.5 ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ትልቅ፣ ነገር ግን የሚታወቅ አሞራ ነው። ምስክሩ ግን 200 ሜትር ይርቃል ብሎ ገምቶ ከሆነ ያው ወፍ በአእምሮው 7 ሜትር ይሆናል። ዓይኑ ምንም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ርቀቱ ብቻ ነው፤ አፈ ታሪካዊውን ወፍም የፈጠረው ያ ርቀት ነው።

ይህን በመጽሐፍ ከማንበብ በራስ ላይ መሞከሩ ይበልጣል። እኔ አንድ ጊዜ በገደል አፋፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ጥንብ አንሳ ከሸለቆው በታች ብቅ ብሎ ከጎኔ ሽቅብ አለፈ። ለጥቂት ሰከንዶች የላባዎቹን ፉጨት እስክሰማ ድረስ ቀርቦ ነበር፤ ክንፉም ሰማዩን የሞላው መሰለኝ። ቢያንስ አራት ሜትር ነው ብዬ ልምል እችል ነበር። ከዚያ ከማዶው ድንጋይ ላይ አረፈ፤ አጠገቡ ሌሎች ሦስት እንደ እሱ ያሉ ተቀምጠዋል፤ አራቱም ከድንጋዩ ጋር ሲነጻጸሩ ተራ ጥንብ አንሳዎች ነበሩ። ማረፉን ባላይ ኖሮ የያዝኩት ትዝታ ሌላ በሆነ ነበር።

እንግዲህ ምርመራው ርቀቱን በማጥበብ ላይ ማተኮር አለበት። ከምስክሩ ጋር ወደ ቦታው ይሂዱ፤ ከተቻለ በዚያው ሰዓት። ወፉ ከአንድ ነገር ፊት ለፊት አልፎ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከኮረብታ ወይም ከሕንፃ ፊት፣ ከዚያ ነገር ይልቅ ቅርብ ነበር ማለት ነው፤ የርቀቱ ጣሪያ ተገኘ። ከዛፍ ጀርባ ተሰውሮ ከሆነ ደግሞ ከዛፉ ይርቅ ነበር ማለት ነው፤ ወለሉ ተገኘ። ሁለቱም ካሉ ስፋቱን በሁለት ቁጥሮች መካከል መወሰን ይቻላል። ወፉ አርፎ ከሆነ ያረፈበትን ቅርንጫፍ፣ ምሰሶ ወይም አጥር ይለኩ፤ ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ማስረጃ ነው። ጥላው በመሬት ላይ ታይቶ ከሆነም ቦታውን ይጠይቁ። ወፉ ፊት ለፊቱ ወይም ጀርባው ላይ ምንም ሳይኖር በባዶ ሰማይ ብቻ የታየ ከሆነ ግን ስለ ስፋቱ የሚሰጥ ማንኛውም ቁጥር ክብደት የለውም። ይህን በመዝገቡ ላይ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።

ስሕተቱን የሚያባብሱ ሁኔታዎችም አሉ። ጭጋግ ነገሮችን የራቁ ስለሚያስመስል አእምሮ አስፍቶ ያያቸዋል። በምሽት ብርሃን ቀለምና ዝርዝር ጠፍቶ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይቀራል። ከአድማስ አጠገብ ያለ ነገርም ልክ እንደ ጨረቃዋ ከፍ ብሎ ሲታይ ከሚኖረው የበለጠ ገዝፎ ይታያል። ድንጋጤ ደግሞ ከሁሉም ላይ ይጨመራል።

በዕጩነት የሚቀርቡ እውነተኛ ወፎች

ርቀቱ ከተጠበበ በኋላ ስለ ዝርያው መነጋገር ይቻላል። ዛሬ በሕይወት ካሉት ወፎች ሁሉ ሰፊ ክንፍ ያለው ተጓዡ አልባትሮስ ነው፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 3.5 ሜትር ይደርሳል፤ ነገር ግን የደቡብ ውቅያኖሶች ወፍ ስለሆነ ከየብስ መሀል ለሚመጣ ምስክርነት ብዙም አያገለግልም። በየብስ የአንዲስ ኮንዶር እስከ 3.3 ሜትር፣ የካሊፎርኒያ ኮንዶር እስከ 3 ሜትር ገደማ፣ ትልልቆቹ ፔሊካኖች 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ይዘረጋሉ። በአፍሪካ አባ ኮዳ ከእነዚህ ብዙም አያንስም። ወርቃማው ንስር ግን ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው፤ 2.3 ሜትር ቢደርስ ነው። ሰው ከነዚህ አንዱን በቅርብ፣ ባልጠበቀበት ሰዓት ካየ፣ ምንም ሳያጋንን «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ወፍ አይቼ አላውቅም» ሊል ይችላል፤ እውነቱንም ነው።

ከቀለም ይልቅ አንገትን ይመኑ። ቀለም በብርሃን ይለወጣል፤ በጎልማሳና በወጣት ወፍም ይለያያል፤ አልፎ አልፎም ቀለም ጎድሎት ነጭ ሆኖ የሚፈለፈል ወፍ አለ። አንገት ግን አይለወጥም። ፔሊካንና ሄሮን ሲበሩ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ያጥፋሉ፤ ክሬን የተባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎችና አብዛኞቹ የሽመላ ዝርያዎች ይዘረጋሉ፤ አባ ኮዳ ግን ከሽመላ ወገን ሆኖ ሳለ አንገቱን አጥፎ ይበራል። ጥንብ አንሳዎችና ኮንዶሮች ጭንቅላታቸው ራቁት ስለሆነ ከሩቅ አንገት አልባ ይመስላሉ፤ የክንፋቸውም ጫፍ እንደ ጣት ይከፈታል። ክንፍ የመምታት ልማዳቸውም መለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት በአንዲስ ኮንዶሮች ላይ መቅረጫ መሣሪያ ገጥሞ እንዳረጋገጠው፣ ወፎቹ ከበረራ ጊዜያቸው ክንፋቸውን የመቱት አንድ በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ እንዲያውም አንዱ ከአምስት ሰዓት በላይ ምንም ሳይመታ 172 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። «ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ተንሳፍፎ አለፈ፤ ወፍ እንዲህ አይበርም» የሚል ምስክር ካጋጠመዎት ይህን ያስታውሱ።

በአካባቢው አይኖርም ተብሎ የሚታመን ወፍም ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡብ ምዕራብ አላስካ መንደሮች ነዋሪዎችና አንድ የአነስተኛ አውሮፕላን አብራሪ ክንፉ ከአራት ሜትር በላይ የሆነ ወፍ እንዳዩ ተናገሩ። ባለሙያዎች ያቀረቡት ማብራሪያ የሽቴለር የባሕር ንስር ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። ይህ ንስር በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ዳርቻ የሚኖር፣ እስከ 9 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ክንፉ ወደ 2.5 ሜትር የሚጠጋ ነው። እንዲህ ያለ ወፍ ርቆ ሊሄድ ይችላል ወይ ለሚለው መልሱ በኋላ በግልጽ ታየ፤ አንድ የዚህ ዝርያ ንስር ከ2020 ጀምሮ በአላስካ፣ በምሥራቃዊ ካናዳ፣ በ2021 መጨረሻም በማሳቹሴትስና በሜይን በብዙ ሰዎች ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ስለዚህ መርማሪው የአካባቢውን የወፎች ዝርዝር ብቻ አይቶ መዝገቡን መዝጋት የለበትም። በአቅራቢያው ካሉ የእንስሳት ማቆያዎች ያመለጠ ወፍ መኖሩን መጠየቅም ይገባል፤ ኢበርድን የመሳሰሉ የወፍ ተመልካቾች መዝገቦችም በዚያ ሳምንት ምን እንደታየ ያሳያሉ።

በሌሊት ከሆነ ጉጉትን ይጠርጥሩ። ጉጉት ያለ ድምፅ ይበራል፤ ዓይኑም የመኪና መብራት ሲያርፍበት እንደ ፍም ያበራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1966 በዌስት ቨርጂኒያ ፖይንት ፕሌዘንት አካባቢ ቀያይ ዓይኖች ያሉት ክንፋም ፍጡር ታየ ሲባል፣ በወቅቱ አንድ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ምሁር በዓይኑ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያለውንና ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጠውን ግራጫ ክሬን ጠቁመው ነበር፤ ሌሎች በኋላ ጉጉትን መርጠዋል። ለእኔ በመብራት ስለታዩት ዓይኖች የጉጉቱ ማብራሪያ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ምክንያቱም የክሬኑ ቀይ ቆዳ ነው እንጂ ብርሃን የሚመልስ ዓይን አይደለም።

ወፍ ያልሆነ ነገርና ፎቶግራፍ

ሞተር አልባ ተንሸራታች አውሮፕላን፣ ፓራግላይደር፣ በንስር ቅርጽ የተሠራ ካይት፣ ድሮን፣ ሁሉም ተሳስተው ሊታዩ ይችላሉ። የሚለዩባቸው ምልክቶች ቀላል ናቸው፤ ክንፉ አንድም ጊዜ አልታጠፈም፣ ቅርጹ አልተለወጠም፣ ወይም ነገሩ በአንድ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ።

ፎቶግራፍ ከቀረበ ዋናውን ፋይል ይጠይቁ፤ በመልእክት መላኪያ ያለፈ ቅጂ መረጃው ብዙ ጊዜ ተነጥቆ ይደርሳል። በዋናው ፋይል ውስጥ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ተመዝግቦ ይገኛል። ሌንሱ 300 ሚሊ ሜትር፣ የካሜራው ሴንሰር ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ወፉ የምስሉን ስፋት አንድ አሥረኛ ቢይዝ፣ በሴንሰሩ ላይ 3.6 ሚሊ ሜትር ያዘ ማለት ነው። 3.6ን ለ300 ብናካፍል 0.012 ይሆናል፤ ስለዚህ ወፉ በ100 ሜትር ላይ ከነበረ 1.2 ሜትር፣ በ200 ሜትር ላይ ከነበረ 2.4 ሜትር ነው። ካሜራም ቢሆን ርቀቱን ካላወቅንለት ስፋቱን አይነግረንም። በሌንሱ አጠገብ ያለፈ ነፍሳት በቪዲዮ ላይ ግዙፍና ፈጣን ፍጡር የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሆን ተብሎ የተሠራ ምስልም አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በሞንትሪያል መናፈሻ ንስር ሕፃን ልጅ ሲያነሣ የሚያሳይ ቪዲዮ በሚሊዮኖች ዘንድ ታይቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኮምፒውተር አኒሜሽን ተማሪዎች ለትምህርታቸው የሠሩት መሆኑን ተቋማቸው አስታወቀ። ንስሩም ልጁም በኮምፒውተር የተፈጠሩ ነበሩ።

«ልጅ አንሥቶ በረረ» የሚለው

ይህ ዓይነቱ ምስክርነት ከሁሉም የከበደ ስለሆነ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በብዛት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1977 በኢሊኖይ ሎንዴል በምትባል ትንሽ ከተማ የተነገረው ነው፤ ሁለት ግዙፍ ወፎች መጥተው አንዱ የአሥር ዓመት ልጅ ከመሬት አንሥቶ ጥቂት ሜትሮች ከወሰደው በኋላ እንደለቀቀው ተገለጸ። ምስክሮቹ የገለጹት ቅርጽ ኮንዶርን የሚመስል ነበር።

እዚህ ላይ መርማሪው ሁለት ነገሮችን መለየት አለበት፤ መግደል መቻልና ማንሣት መቻል አንድ አይደሉም። ንስር ከራሱ የሚከብድ እንስሳ ሊገድል ይችላል። በደቡብ አፍሪካ ታውንግ እ.ኤ.አ. በ1924 የተገኘው የጥንታዊ ሕፃን ቅል በዓይን ጉድጓዶቹ ላይ የንስር ጥፍርና ምንቃር የሚተወውን ዓይነት ምልክት እንደያዘ ተመራማሪው ሊ በርገር በ2006 አሳይተዋል። ይዞ መብረር ግን ሌላ ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት ኪሎ ግራም የማይበልጥ ንስር ከራሱ ክብደት ግማሽ ያህሉን ይዞ ከተነሣ ብዙ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ክብደት ደግሞ ከዚህ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ኮንዶር እስከ 15 ኪሎ ግራም ቢመዝንም እግሩ ለመራመድ እንጂ ለመጨበጥ አልተሠራም፤ ጥፍሮቹ ደነዝ ናቸው፣ ምግቡንም በእግሩ አይሸከምም። ስለዚህ «ኮንዶር አነሣው» የሚለው ማብራሪያ ምሥጢሩን የፈታ ይመስላል እንጂ አይፈታውም። ለመሰል ምስክርነት የምመክረው ይህን ነው፤ ጥቃቱን ከማንሣቱ ነጥለው ይመዝግቡ። ትልቅ ወፍ በሰው ላይ መውረዱ፣ ልብስ መያዙ፣ ልጁ ደንግጦ መሮጡና መዝለሉ ሊሆን የሚችል ነው። ማንሣቱ የራሱ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ በቆዳና በልብስ ላይ የቀረ ምልክት፣ የመነሻና የመውደቂያ ቦታ፣ ተለያይተው የተጠየቁ ምስክሮች ቃል።

ከጥንት የተረፈ ወፍ ይኖር ይሆን?

ብዙ ሰዎች በዚህ ተስፋ ጉዳዩን ይከታተላሉ፤ ተስፋውም መሠረት አልባ አይደለም። ከ6 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በአርጀንቲና ይኖር የነበረው አርጀንታቪስ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን እንደነበር ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በሳውዝ ካሮላይና ቻርልስተን አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ ላይ ተቆፍሮ የወጣውና በ2014 ስም የተሰጠው ፔላጎርኒስ ሳንደርሲ የክንፉ ስፋት ከ6 እስከ 7 ሜትር ይገመታል። ስለዚህ «ይህን የሚያህል ወፍ ሊበር አይችልም» ብሎ መከራከር ስሕተት ነው። እርግጥ ነው፣ የአንድ ወፍ ርዝመት እጥፍ ሲሆን የክንፉ የገጽ ስፋት አራት እጥፍ ብቻ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት ግዙፍ ወፍ ከሜዳ ተነሥቶ ለመብረር ይቸገራል። ቢሆንም ነፋስና ገደል ካገኘ ይበራል።

ትክክለኛው መከራከሪያ ሌላ ነው። አንድ ወፍ ብቻውን ለሺህ ዓመታት አይኖርም፤ የሚዋለድ መንጋ፣ ጎጆ፣ እንቁላል፣ የወደቀ ላባ፣ የሞተ አካል መኖር አለበት። የካሊፎርኒያ ኮንዶር እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም ላይ 22 ያህል ብቻ ቀርተውት ነበር። ሆኖም ተመራማሪዎች እያንዳንዳቸውን ያውቋቸው ነበር፤ በ1987 በዱር የቀረውን የመጨረሻውን ጨምሮ ሁሉንም ይዘው አራቧቸው፤ ከ1992 ጀምሮም መልሰው መልቀቅ ጀመሩ። ሃያ ሁለት ኮንዶሮች ይህን ያህል ከታወቁ፣ የእነሱን እጥፍ የሚያህል ወፍ መንጋውን ይዞ በዚያው አህጉር ሳይታወቅ ይኖራል ማለት በጣም ያስቸግራል። ላባ ከተገኘ ግን ነገሩ ይለወጣል። በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ደርቆ፣ ቦታውና ቀኑ ተጽፎበት ለተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሰጥ፤ ከአንድ ላባ ሥር ዝርያውን በዘረመል ምርመራ መለየት ይቻላል።

አፈ ታሪኩ ራሱ

አፈ ታሪክን እንደ ማስረጃ ማቅረብ ያጓጓል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በየራሱ መታየት አለበት። የማኦሪዎቹ ፖዋካይ ሥር ያለው ሳይሆን አይቀርም። የሃስት ንስር የተባለው፣ እስከ 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን አዳኝ፣ ሰዎች ኒውዚላንድ ከደረሱ በኋላም በሕይወት ነበር፤ የጠፋውም ከ600 ዓመታት በፊት ገደማ፣ ያድናቸው የነበሩት ሞአ የተባሉ ግዙፍ ወፎች ታድነው ሲያልቁ ነው። ሩክ ደግሞ ከማዳጋስካር የዝሆን ወፍ ጋር ይያያዛል። ያ ወፍ እስከ 3 ሜትር የሚቆም፣ እንቁላሉም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም ነበር፤ ነገር ግን ፈጽሞ አይበርም ነበር። እንቁላሉን ያየ መርከበኛ እናቲቱን በሰማይ ላይ ቢያስባት አያስደንቅም።

በአሜሪካ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የሚተረክለት ፒያሳ የተባለው ፍጡር ግን በተቃራኒው ያስጠነቅቀናል። ፈረንሳዊው ሚስዮናዊ ዣክ ማርኬት እ.ኤ.አ. በ1673 በወንዙ ገደል ላይ የተሳሉ ሁለት አስፈሪ ፍጡሮችን ሲገልጹ ቀንዳቸውን፣ በቅርፊት የተሸፈነ አካላቸውንና ረጅም ጅራታቸውን ዘርዝረዋል፤ ክንፍ ግን አልጠቀሱም። ፍጡሩ ሰው የሚበላ ወፍ የሆነው በ1836 በታተመ አንድ ትረካ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም አፈ ታሪክ ከመጥቀስዎ በፊት መጀመሪያ የተጻፈበትን ቃል ይፈልጉ። የነጎድጓድ ወፍ ደግሞ ለብዙ ሕዝቦች ዛሬም የእምነታቸው አካል ነው፤ በእንስሳት ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት መጣደፍ አይገባም።

መዝገቡን መዝጋት

በመዝገብዎ ላይ የምስክሩን የመጀመሪያ ቃልና ሥዕል ሳይነኩ ያኑሩ፤ የእርስዎን ግምት በሌላ ገጽ ይጻፉ። ማስረጃው ወደ አንድ ዝርያ የሚያደርስ ከሆነ ስሙን ይጻፉ። ካልሆነ «ትልቅ ወፍ፣ ርቀቱ ያልታወቀ» ብሎ መተው በግድ ስም ከመስጠት ይሻላል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ የመጨረሻ ሙከራ ያድርጉ። የ2.5 ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት ወይም ቀርከሃ ያዘጋጁ፤ ግማሹን በጥቁር ጨርቅ ይጠቅልሉት። ወፉ ነበረ በተባለበት አቅጣጫ አንድ ሰው እንጨቱን አግድም ከፍ አድርጎ ይዞ በመጀመሪያ 30 ሜትር፣ ቀጥሎ 60፣ ቀጥሎ 100 ሜትር ላይ ይቁም። ርዝመቱን ለምስክሩ አይንገሩት። የትኛው ላይ «ይህን ያህል ነበር» እንደሚል ያዳምጡና ርቀቱን ይመዝግቡ። ከሦስቱም ይበልጥ ነበር ካለም ያንኑ ይጻፉ፤ እንጨቱ የወፉን ያህል እስኪሆንለት ድረስ በ20፣ በ15 ሜትር እያቀረቡ ይሞክሩና የቆመበትን ቁጥር ይያዙ።